ላሟ በየማታው የምትጠፋበት ክረምት

ተረት ተረት!

«የላም በረት!»

ኧረ ድምፃችሁ የት ሄደ? የደከምኩት እኔ፣ የምታዛጉት እናንተ? ቀኑን ሙሉ አረም ውስጥ አጎንብሼ የዋልኩት እኔ ነኝ። ወገቤ ወገብ አይደለም፤ ጉልበቴም ጉልበት አይደለም። እስቲ እንደገና። ተረት ተረት!

«የላም በረት!»

እሰይ። አሁን ላሟም ሰማች። ጠጋ በሉ። አንተ እግርህን ሰብስብ፣ ፍሙን እንዳትረግጥ። አንቺም ጋቢውን ከጀርባዬ ደረብ አድርጊልኝ። ትምህርት ቤት ተዘጋ ብላችሁ መጽሐፋችሁን አልጋ ሥር እንደወረወራችሁ አውቃለሁ። ዛሬ ጠዋት ስጠርግ መጥረጊያዬ ነው ያገኘው። አልቆጣም፤ የምቆጣበት ጉልበት የለኝም። ተረት ግን እነግራችኋለሁ። ቀስ እያልኩ ነው የምነግራችሁ።

በድሮ ዘመን ነው። በድሮ ዘመን ሸንበቆ ማዶ የሚባል አገር ነበረ። አገሩ ከትልቅ ወንዝ ወዲያ ነው። በበጋ ወንዙ ይጎድልና ሰው በእግሩ ይሻገራል። በክረምት ይሞላና ማንም አይሻገርም። ያን ጊዜ ሸንበቆ ማዶ ብቻውን ይቀራል። እንግዳ አይመጣ፣ ወሬ አይመጣ። ዝናብና ጭቃ ብቻ።

በዚያ አገር የኔታ ክንፉ የሚባሉ መምህር ነበሩ። ቤታቸው ከወንዙ ወዲህ ነው። በጋ በጋ ይመጡና ዋርካ ሥር ልጆች ያስተምራሉ። ክረምት ሲገባ፣ ወንዙ ሳይሞላ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ወንዱንም ሴቱንም ያስተምራሉ። ሴት ልጅ በዚያ ዘመን ትማር ነበር ወይ አትበሉኝ፤ በእኔ ተረት ትማራለች። የኔታ ወንድና ሴት አይለዩም። ሲያስተምሩም አይለዩ፣ ሲገርፉም አይለዩ።

ታዲያ ትምህርቱ ምን ይመስላችኋል? ጩኸት ነው። ሀ ሁ ይባላል፤ ልጆቹ ይጮኻሉ። አቡጊዳ ይባላል፤ ይጮኻሉ። ንባብ ይደርሱና ያንኑ ይጮኻሉ። የሚጮኹት ምን እንደሆነ አያውቁም። የኔታም አይነግሯቸውም። እሳቸውም ሲማሩ የነገራቸው አልነበረም። የሳተ አለንጋ ይቀምሳል። ዛሬ ያልሳተም ነገ ይስታል።

ክረምት ሲገባ ልጆቹ ምን ያደርጋሉ? እንደ እናንተ ነዋ! ከዋርካው ሥር ሲለቀቁ እንደ ጥጃ ይፈነጥዛሉ። ጭቃ ላይ ሲንሸራተቱ፣ እሸት ሲጠብሱ ይከርማሉ። ፊደል የሚባል ነገር በዓይናቸው አይዞርም። መስቀል አልፎ ወንዙ ሲጎድል የኔታ ይመጡና፦ «እስቲ ካቆምንበት» ይላሉ። ያቆሙበትን የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ከሀ ይጀመራል። በዓመቱም ከሀ ይጀመራል። ሀ ሁ ብሎ የጀመረው ጎረምሳ ሚስት ያገባና፣ ይወልድና፣ ከልጁ ጎን ተቀምጦ ሀ ሁ ይላል። ልጁም አባቱን ያርመዋል።

የኔታ በዚህ አረጁ። ደከሙም። ድካም ሁለት ነው፣ ልጆቼ። አንዱ እንደ እኔ እንደ ዛሬው ነው፤ ተኝተው ሲነሱ ይለቃል። ሌላው ተኝተው ሲነሱም አለ። የኔታን የያዛቸው ይኸኛው ነው።

አንድ ዓመት ሰኔ ሲገባ አገሩን ሰበሰቡና እንዲህ አሉ፦ «ወገኖቼ፣ ደክሞኛል። ድንጋይ ላይ ውኃ ሳፈስ ኖርኩ። ዘንድሮ ከመስቀል በኋላ አንድ ጊዜ እመጣለሁ። ልጆቹ እንደ ወትሮው ከሀ የሚጀምሩ ከሆነ ዕቃዬን ሰብስቤ እሰናበታችኋለሁ። ና አስተምርልን ብሎ የለመነኝ ሌላ አገር አለ።»

ያንን ወንዝ ተሻግሮ የሚመጣ ሌላ መምህር የለም። ከነሱ በላይ ያለው መንደር ማንበብ የሚያውቅ ሰው አጥቶ፣ ባላነበበው ወረቀት ላይ ጣቱን አትሞ፣ መስኩን እንደተነጠቀ ሁሉም ያስታውሳል። እናቶች ልጆቻቸውን አዩ። ልጆቹ መሬት መሬት አዩ።

የአገሩ ጭቃ ሹም ወንድይፍራው ይባላል። እንግዲህ ስሙን ስሙት! ጢሙ ትልቅ ነው፣ ድምፁም ትልቅ ነው። ክፉ ሰው ግን አልነበረም። ነገር ሁሉ በዱላ የሚቃና ይመስለዋል እንጂ። ብድግ አለና፦ «የኔታ፣ ለእኔ ይተዉት! ክረምቱን ሙሉ አስነብባቸዋለሁ!» አለ።

የኔታም፦ «አስነብባቸው» አሉት። ለክርክር የሚሆን አቅም አልነበራቸውም።

በነጋታው ሊሻገሩ ወጡ። ወንዙ ጉልበት እየያዘ ነው። ወለላ የምትባል ልጅ ዕቃቸውን ይዛ ሸኘቻቸው። ወለላ አባቷ ሞቶባት ከእናቷ ከደብሪቱ ጋር የምትኖር ልጅ ናት። ንባብ ደርሳለች፤ ግን እንደ ሌሎቹ ትጮኻለች እንጂ የምትለውን አታውቅም። ወንዙ ዳር ሲደርሱ የኔታ ውኃውን አዩት። ዳዊታቸውን ራሳቸው ላይ አሰሩት። ከዚያም ከትከሻቸው አንድ ወፍራም መጽሐፍ አወረዱ። ለሁለት መጽሐፍ ራስ አይበቃም።

«ወለላ፣ የእናትሽ ቤት አያፈስም ይባላል» አሉ።

«አያፈስም፣ የኔታ። አባቴ ነው የከደነው።»

«እንግዲያው እስክመለስ ይህን አስቀምጪልኝ። በወጣትነቴ የገለበጥኩት ነው። በምንነጋገርበት ቋንቋ ነው የተጻፈው። የመንገደኞች ወግ ነው፤ ትምህርት አይደለም።»

«ባነበውስ ይቆጡኛል?»

የኔታ ሊስቁ አሉና ደከማቸው። «ካሻሽ አንብቢው። አልጠይቅሽም። ማንም አይጠይቅሽም» አሉና ወደ ውኃው ገቡ።

ወለላ መጽሐፉን አቅፋ ቆመች። ማንም አይጠይቅሽም የሚል ቃል በጆሮዋ ገብቶ አያውቅም ነበር።

ከዚያም ክረምቱ ገባ። ጭቃ ሹሙ ዐዋጅ አስነገረ፦ «ስማ ያገሬ ሰው! ማታ ማታ ከእራት በፊት ልጅ ሁሉ ያንብብ! አባት ዱላ ይያዝ! አባት ከሌለ እናት ትያዝ! ያላነበበ ልጅ እራት አይቅመስ!»

መሸት ሲል ከየቤቱ ዋይታ ተነሣ። አንዱ ቤት ልጅ ያነባል፣ አንዱ ቤት ልጅ ያለቅሳል፤ ከሩቅ ለሚሰማው ሁለቱም አንድ ነው። አባቶቹ ማንበብ አያውቁም። ልጁ ሲያቆም ይመቱታል። ስለዚህ ልጁ አያቆምም፤ የመጣለትን ይጮኻል። አንዱ ብልጥ የበሬዎቻቸውን ስም እየደጋገመ ይጮኽ ነበር አሉ። አባትየውም፦ «ጎበዝ! እንዲያ ነው!» ይለው ነበር።

ጭቃ ሹም ወንድይፍራው የዝናብ ገሳውን ደርቦ፣ ጭቃውን እየረገጠ፣ በየደጁ ቆሞ ያዳምጣል። ጩኸት ሲሰማ ደስ ይለዋል። አገሩ የተማረ ይመስለዋል።

አሁን ወደ ደብሪቱ ቤት እንሂድ። ደብሪቱ ባሏ ከሞተ ወዲህ የወንዱንም የሴቱንም ሥራ ለብቻዋ ይዛለች። ጠዋት አረም፣ ከሰዓት አረም። ማታ ትመጣና ከምሰሶው ተደግፋ ትቀመጣለች። እግሯን ሳትታጠብ፣ ጉርሻው እጇ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ይወስዳታል። እኔ አውቀዋለሁ፣ እንዲያ ያለውን እንቅልፍ። ከራበው ሰው ላይ እንጀራውን ይቀማል። ለወለላም «ብዪ» እና «ተኚ» ከማለት ሌላ ቃል አይወጣትም ነበር። ወለላን ያንገበገባት ይኸው ነው። ቤቱ ውስጥ የሚያወራ የለም። ዝናቡ ብቻ ያወራል።

ዐዋጁ በተነገረ ማታ ደብሪቱ የጎረቤቱን ጩኸት ሰማችና፦ «ልጄ፣ ዱላ ያዢ ተብያለሁ። ዱላ የማነሣበት ክንድ የለኝም። ከቻልሽ አንብቢ፣ ካልቻልሽ ተኚ» አለቻት።

ወለላም የኔታን መጽሐፍ ከተሰቀለበት አወረደችና እሳት ዳር ተቀመጠች። ገለጠችው። እንደ ለመደችው መጮህ ጀመረች።

«ኧረ ቀስ» አለች እናቷ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ራሴን በጠበጥሽው። ምንድን ነው የሚለው?»

ወለላ ደነገጠች። ምን እንደሚል ጠይቋት የሚያውቅ የለም። ጣቷን ፊደሉ ላይ አደረገችና ቀስ አለች። አንዱን ፊደል ከአንዱ አጋጠመች። ቃል ሆነ። ያንን ቃል ታውቀዋለች! በየቀኑ የምትናገረው ቃል ነው።

«አንድ ሰው ይላል፣ እማዬ። አንድ ሰው ነበረ ይላል።»

«እሺ። ምን ሆነ?»

«አባቱን… በጀርባው… አዝሎ። አባቱን አዝሎ መንገድ ወጣ ይላል።»

ደብሪቱ አንድ ዓይኗን ገለጠች። «ምን ሆኖ ነው አባትየው የሚታዘለው? ታሞ ነው?»

«ቆይ እማዬ፣ ገና አልደረስኩበትም።»

ያን ማታ ወለላ ያነበበችው ጥቂት መስመር ነው። ላብ በላብ ሆነች። ግን አባትየው ዓይነ ስውር እንደሆነ፣ አገራቸው ረኃብ እንደገባ፣ ልጁም አባቱን ጥሎ መሄድ አልሆንልህ ብሎት አዝሎት እንደተነሣ አወቁ። ወለላ ልትዘጋ ስትል እናቷ፦ «ከዚያስ?» አለች።

ወለላ ቀና ብላ አየቻት። ደብሪቱ አልተኛችም። ጉርሻዋንም ውጣዋለች።

ከዚያም በማግሥቱ ማታ አነበበች። በማግሥቱም እንዲሁ። ደብሪቱ አረም ውስጥ ሆና ስለ ሰውዬው ታስባለች። እግሯን እየታጠበች፦ «ዛሬ ውኃ ያገኙ ይሆን? ያ ሽማግሌስ ብርዱን እንዴት ቻለው?» ትላለች። ወለላም፦ «እኔ እንጃ፣ እናየዋለን» ትላለች። እንዲህ እያሉ ማውራት ጀመሩ። ስለ ሰውዬው አውርተው ሲጨርሱ ስለ ሌላ ያወራሉ። አንድ ቀን ስለ ወለላ አባት አወሩ። ቤቱን ሲከድን ከጣሪያው ወድቆ ጭድ ላይ እንዳረፈና ሲስቅ እንደዋለ ደብሪቱ ነገረቻት። ወለላ ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር። ሁለቱም ሳቁ።

ንባብ ማለት ይኸ ነው እንግዲህ። ድካሙን አይወስደውም። ደብሪቱ ጠዋት ስትነሣ አረሙ እዚያው ነው። ግን ለደከመው ሰው ቁጭ የሚልበት ያገኝለታል። እስቲ አንድ ጉንጭ ውኃ ስጡኝ… እግዜር ይስጥልኝ።

የጎረቤት ልጆች ይህን ሰሙ። ልጅ የማይሰማው የለም። አንዷ ማታ መጣችና፦ «እማማ ደብሪቱ፣ እሳት ልጫር» አለች። ተቀመጠች። ፍሙን ረሳችው። በማግሥቱ ሌላው እሳት ሊጭር መጣ። በዚያ ሰሞን እሳት የሚጭር ልጅ በዛ፤ ፍም ይዞ የሚመለስ ግን አልነበረም። ወለላ ሲደክማት አንዱ፦ «አምጪው፣ እኔ ልቀጥል» ይላል። መጀመሪያ ይጮኻል። ደብሪቱም፦ «ቀስ፣ ልጄ፣ ማንም አያባርርህም» ትለዋለች። ቀስ ይላል። ሲስት አብረው ይፈልጉታል። ትርጉሙን ያላወቁት ቃል ሲገጥማቸው ሽማግሌ ይጠይቃሉ።

ጭቃ ሹሙ አንድ ማታ በየደጁ ሲያዳምጥ ጩኸቱ ቀንሷል። የአንዱ ቤት ጸጥ። የሌላውም ጸጥ። ከደብሪቱ ቤት ግን ሳቅ ይሰማል። ሳቅ! በሩ ላይ ቆመና ጆሮውን ጣለ። ወለላ ታነባለች፦ «ሰውዬውም አባቱን እንዳዘለ ከሞላ ወንዝ ደረሰ። አዞም ራሱን ከውኃው አወጣና፦ ‹ከሁለታችሁ አንዳችሁን ለእኔ ተዉልኝ፤ ሌላውን በጀርባዬ አሻግረዋለሁ› አለው። ሰውዬውም አባቱን አየ። ወዲያ ማዶ ያለውን እህልም አየ።»

ጭቃ ሹሙ ዘው ብሎ ገባ። «ምንድን ነው ይኼ?»

«እያነበብን ነው፣ አባባ» አለች ወለላ።

«ንባብ ያስቃል እንዴ? ዱላው የታለ?»

ደብሪቱም፦ «ጌታዬ፣ እኔ ዱላ አልያዝኩም። ደክሞኝ ነው» አለችው።

«ይኼ ጨዋታ ነው! በዚህ በዚህ የኔታ ይቀሩልናል? አገሩን መምህር ልታሳጡት ነው! ሂዱ፣ ወደየቤታችሁ! ዱላ ይጠብቃችኋል!» አለና መጽሐፉን ከወለላ እጅ ነጥቆ ገሳው ውስጥ ከቶ ወጣ።

ልጆቹ እየተቃቀፉ በዝናብ ሄዱ። ወለላ ምሰሶውን አቅፋ አለቀሰች። ደብሪቱ ግን አላለቀሰችም። በነጋታው ማለዳ፣ አረም ከመውረዷ በፊት፣ እግሯን በጭቃው እየጎተተች ወደ ጭቃ ሹሙ ደጅ ሄደች። በሕይወቷ ሹም ደጅ ቆማ አታውቅም።

«ጌታዬ፣ መጽሐፉ የአደራ ነው። የኔታ ለልጄ ነው ያስቀመጡት» አለችው።

«እኔም አስቀምጠዋለሁ።»

«የእርስዎ ቤት ያፈሳል ይባላል።»

«ማነው ያለው? ሂጂ!»

ደብሪቱም ሄደች። ምን ታድርግ። አረሙ ይጠብቃታል።

ጭቃ ሹሙ ግን ቀኑን ሙሉ ዕረፍት አጣ። ምሳ ቀርቦለት ሚስቱን፦ «አባቱን ይሰጠዋል እንዴ?» አላት።

«የቱ አባቱን? ለማን?» አለችው።

«ተዪው።»

መጽሐፉን አወጣና ገለጠው። ዘቅዝቆ ያዘው፤ አቃንቶ ያዘው። ምንም አይለውም። ልጁን ጠራውና ዱላ ይዞ፦ «ይህን አንብብ! የአዞውን!» አለው። ልጁ ዱላውን አየ። ዓይኑን ጨፍኖ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ገጹን ገለበጠ፣ ጮኸ።

«አቁም! ምን አለ ታዲያ?»

«ምኑ አባዬ?»

«ሰውዬው ነዋ! አዞውን ምን አለው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ንባብ ነው እንጂ» አለ ልጁ እያለቀሰ።

ጭቃ ሹሙ ዱላውን አየው። ልጁን አየው። ዱላውን ከግድግዳው አስደግፎ ተቀመጠ።

መሸት ሲል ዝናብ ነበረ። የደብሪቱ በር ተንኳኳ። ጭቃ ሹሙ ነው።

«ላሜ ጠፋችብኝ። በዚህ አላለፈችም?» አለ።

«አላለፈችም፣ ጌታዬ» አለች ደብሪቱ።

አልሄደም። ቆመ። ጢሙን አሸ። ከገሳው ሥር መጽሐፉን አወጣና፦ «ይኼ… እኔ ቤት… እውነትም ያፈሳል። እንዳይበሰብስ ብዬ ነው» አለ። አስቀመጠው። አሁንም አልሄደም። «ዝናቡ እስኪያባራ ጥቂት ልቀመጥ» አለና በሩ ጋ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ተቀመጠ። ከእሱ ኋላ ልጁ ነበረ። ልጁም ገብቶ ወለላ አጠገብ ቁጭ አለ። ሌሎቹም አንድ በአንድ እሳት ሊጭሩ መጡ።

ወለላም አነበበች፦ «ሰውዬውም አዞውን፦ ‹ማንንም አልተውልህም› አለው። አዞውም፦ ‹እንግዲያው አትሻገርም› አለው። ሰውዬውም፦ ‹አልሻገርም› አለው። አባቱን ከጀርባው አወረደና አጠገቡ ተቀመጠ። ደክሞት ነበርና።»

ጭቃ ሹሙ ዘወር አለ። «ተቀመጠ? እንዴት ይቀመጣል? ጦር የለውም? ዱላ እንኳ የለውም?»

«አባባ፣ ገና ነው!» አሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ።

ወለላ ቀጠለች። ሰውዬው ወንዙ ዳር ዳስ ሠራ። ሥራ ሥር እየቆፈረ፣ ዓሣ እያጠመደ አባቱን አበላ። አዞውም ዛሬ ይሰጠኛል፣ ነገ ይሰጠኛል እያለ ከዚያው ሳይነቃነቅ ጠበቀ። ዝናቡ አባራ። ወንዙ ጎደለ፣ ጎደለ። አዞው ከሲታ ሆኖ አንዲት ኩሬ ውስጥ ቀረ። ሰውዬውም አባቱን አዘለና በደረቁ ተሻገረ። በአዞው አጠገብ ሲያልፉ ዓይነ ስውሩ አባት፦ «ልጄ፣ የሚያቃስት ነገር እሰማለሁ፤ ምንድን ነው?» አለ። ልጁም፦ «ምንም አይደል፣ አባዬ። አንድ የተራበ አለ። ብንደርስ እህል እናመጣለታለን» አለው።

ጭቃ ሹሙ ሳቀ። ጢሙ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ከዚያም አባቱ ትዝ ብሎት ነው መሰለኝ፣ ገሳውን ፊቱ ላይ ሳብ አደረገና በዝናቡ ወጣ። ዝናቡ አላባራም ነበር።

በማግሥቱም ማታ ላሟ ጠፋች። በማግሥቱም። በዚያ ክረምት የጭቃ ሹሙ ላም ያልጠፋችበት ማታ የለም። ልጆቹም ላሟን ማመስገን ጀመሩ። ዐዋጁን ሽሬዋለሁ አላለም፤ ሹም እንዲያ አይልም። ብቻ ዱላ የያዘ አባት ሲያይ፦ «በል አንድደው፣ ማገዶው ሁሉ እርጥብ ነው» ይለዋል።

እንዲህ እያለ ክረምቱ ወጣ። መስቀል አለፈ። ወንዙ ጎደለና የኔታ መጡ። በጋውን የሚያድሩበትን ምንጣፍ አልያዙም፤ ለስንብት ነው የመጡት። ዋርካው ሥር ሲደርሱ አገሩ ሁሉ ቆሟል። ጭቃ ሹሙ ላብ በላብ ነው። የኔታ ሽበትም ድካምም ጨምረው መጥተዋል። ገና ሳይቀመጡ፦ «ወለላ፣ መጽሐፌን» አሉ።

ወለላ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። የኔታ ገለጡት። ጭስ ጠጥቷል። ዳሩ ላይ የልጆች ጣት ቅባት ታትሟል። አንዱ ገጽ ላይ የጭቃ ጠብታ አለ፤ በገጾቹ መካከልም የባቄላ ልጣጭ ገብቷል።

«ማነው እንዲህ ያደረገው?» አሉ።

«ሁላችንም ነን፣ የኔታ። ይማሩን» አለች ወለላ።

የኔታ ገለበጡ። መሐሉም ጣት ነክቶታል። ገለበጡ። የመጨረሻው ገጽም ጣት ነክቶታል። ከሁሉም ይልቅ የተሻሸው እሱ ነው። ከዚያም ቀስ ብለው ከዋርካው ሥር ተቀመጡና፦ «እስቲ… የወደዳችሁትን አንብቡልኝ» አሉ።

ልጆቹ ተጣሉ። «የአዞውን!» «የለም፣ ጨረቃን ልትጠይቅ የሄደችውን ሙሽራ!» «ጨው ነጋዴውን ነው እንጂ!» እየተገፋፉ መጽሐፉን ይሻማሉ። የኔታ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስተምሩ ልጅ ከንባብ ሲሸሽ እንጂ ለንባብ ሲጣላ አላዩም።

በመጨረሻ ሙሽራዋ አሸነፈች። አንዷ አነበበች። አልጮኸችም። ለሰው እንደሚያወሩት አድርጋ፣ ቀስ ብላ አነበበች። የሚያስቀው ላይ ሳቀች። የሚያሳዝነው ላይ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ሌላው ተቀበላት። ፀሐዩ ለስለስ ያለ ነው፤ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። የኔታ ጀርባቸውን ለዋርካው ሰጡ። ዓይናቸው ከበደ። አንገታቸው ዘንበል አለ። ተኙ።

ጭቃ ሹሙ ደነገጠ። «የኔታ! ገና አልጨረሱም እኮ!» ሊል ሲል ደብሪቱ ክንዱን ያዘችው። ሴትየዋ የሹም ክንድ ያዘች!

«ይተዉዋቸው፣ ጌታዬ። ደክመዋል» አለችው።

ልጆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና ማንበብ ቀጠሉ። የዋርካው ጥላ ዞረ። ሰዉ አንድ በአንድ ተቀመጠ። ጨረቃን ልትጠይቅ የሄደችው ሙሽራ ተራራውን ወጣች፣ ወረደች።

የኔታ ጀንበሯ ስታዘቀዝቅ ነቁ። ዓይናቸውን ገለጡ። ማንም አላያቸውም። የልጆቹ ራስ ሁሉ መጽሐፉ ላይ ተደፍቷል። ጭቃ ሹሙ ከልጆቹ መካከል ተቆናጦ፦ «እና ጨረቃዋ ምን አለቻት?» እያለ ይወተውታል። አለንጋ የያዘ የለም። ያዘዘ የለም። የኔታ የስንብት ንግግራቸውን በሆዳቸው አዘጋጅተው ነበር የመጡት።

ንግግሩን ትተው ዓይናቸውን እንደገና ጨፈኑ።

ቀሩ ወይስ ሄዱ አትበሉኝ። ሰው እንዲያ ያለ እንቅልፍ ካገኘበት አገር አይሄድም። ሌላው አገር ይመጣሉ ብሎ እስከ ዛሬ ይጠብቃቸዋል አሉ።

በሉ እንግዲህ። ተረቴ አለቀ፣ ጉልበቴም ደቀቀ። ዳቦ ያለው ቆርሶ ያጉርሰኝ፤ ዳቦ የሌለው ገጽ ገልጦ ያንብብልኝ።